መልስ፦ ወንጀል ሳይሆን የሚያስከስስ ጥፋት

ጠያቂያችን፣ «ወንጀል ያልሆነ ጥፋት እንዴት ያስከስሳል?» ብለዋል። በወንጀል ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሚፈለገውም ቅጣት። በፍትሐ ብሔር ግን የሚከስሰው ራሱ ተጎጂው ነው፤ የሚጠይቀውም ካሣ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን «ከውል ውጪ የሚደርስ ኃላፊነት» ይለዋል፤ ከአንቀጽ 2027 ጀምረው ያንብቡት።

ልብ ይበሉ፣ ጥፋት ሳይኖር እንኳ ኃላፊነት ሊኖር ይችላል። የጎረቤትዎ በሬ ገመዱን በጥሶ ማሳዎን ቢያወድም፣ ባለቤቱ «ሳላስበው አመለጠኝ» ማለቱ በአንቀጽ 2071 መሠረት ከካሣ አያድነውም። የመኪና ባለቤትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። በወንጀል ክስ ነጻ የወጣ ሰውም ቢሆን በካሣ ሊጠየቅ ይችላል፤ ብዙ ተጎጂዎች ይህን ባለማወቅ መብታቸውን ሲተዉ ማየት በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የኅሊና ጉዳት ካሣ ነው። ሕጉ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ልጇ ለሞተባት እናት ይህ ምን ይባላል?

ጉዳዩ የራስዎ ከሆነ ግን አይዘግዩ፤ በመርሕ ደረጃ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።