ደም የማይረጋበት ፕላስቲክ አለ ወይ?

ወንድሜ፣ ለመመረቂያ ሥራህ ደም የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ እየሠራህ ነው። «የትኛው ፖሊመር (ፕላስቲክና መሰል ቁስ) ደም አያረጋም? ለስላሳ ከሆነ አይበቃም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ዓመታት የሠራሁት ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

ልስላሴ ይጠቅማል፤ ግን አይበቃም። የደም ሴሎች ፕላስቲኩን ራሱን የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው። ደሙ ቱቦውን በነካ በሰከንዶች ውስጥ ፕሮቲን ቀድሟቸው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የለበሰው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ከሆነ ፕላትሌቶች (ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሴሎች) ብዙም ግድ ሳይሰጣቸው ያልፋሉ። ፋይብሪኖጅን የሚባለው ከሆነ ግን ጣጣ ነው። ሲለጠፍ ቅርጹ ይለወጥና ደም ውስጥ ሲንሳፈፍ ተሸሽጎ የነበረው መያዣው ይገለጣል። ፕላትሌቷ እሱን ጨብጣ ትቀራለች። እግር አውጥታ ትዘረጋለች፤ ሌሎቹን የሚጠራ ኬሚካልም ትለቃለች። ይህን ሁሉ የምታስነሳው 2 ወይም 3 ማይክሮሜትር የምታህል ነገር ናት!

አየርም ቀላል ጠላት አይደለም። አንድ ቀን ተጣድፌ የዲያሊሲሱን ደም ማጣሪያ ሳዘጋጅ አረፋውን በደንብ አላስወጣሁም። መጨረሻ ላይ ደሙን ለታካሚው መልሰን ማጣሪያውን ስናየው፣ ውስጡ ካሉት፣ ነጭ መሆን ከነበረባቸው ቀጫጭን ክሮች ግማሾቹ ደም ረግቶባቸው ጠቁረው ቀሩ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሄፓሪኑ፣ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አረፋ የደሙን መንገድ ይዘጋል፤ ፕሮቲንም አየር ሲነካው ቅርጹን ያጣል።

ነጭ የደም ሴሎችም ዝም አይሉም። በድሮዎቹ የሴሉሎስ ማጣሪያዎች፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቁጥራቸው ያሽቆለቁል ነበር። ሞተው ሳይሆን፣ ኮምፕሊመንት የሚባለው የሰውነት መከላከያ ተቀስቅሶ ሳንባ ውስጥ ስለሚያጣብቃቸው ነው። ቆይተው ይመለሳሉ። እንደ ፖሊሰልፎን ያሉ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች ይህን በጣም ቀንሰውታል።

የቀይ ሴሎች ጉዳይ ደግሞ ያስገርመኛል። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራውን የደም ከረጢት የሚያለሰልሰው ኬሚካል፣ ዲኢኤችፒ፣ ወደ ደሙ እየሾለከ ስለሚገባ ይወቀሳል፤ በትክክልም ያሰጋል። ግን የቀይ ሴሉ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ቶሎ እንዳይፈርስ ያግዘዋል። ደም ከረጢት ውስጥ እስከ 42 ቀን ሲቆይ ይህ ትንሽ ውለታ አይደለም።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ደም ጨርሶ የማይረጋበት ፖሊመር እስካሁን የለም። ከተለጠጠ ቴፍሎን የተሠራ ሰፊ ሰው ሠራሽ የደም ስር ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ከ6 ሚሊሜትር ሲጠብ ግን ቶሎ የመደፈን ጠባይ አለው። ቁሱ ያው ነው፤ የተለወጠው ስፋቱና የደሙ አካሄድ ነው። ስለዚህ ፖሊመር ከመምረጣችን በፊት ንገረን፦ የቱቦህ የውስጥ ስፋት ስንት ነው? ደሙስ በምን ፍጥነት ያልፍበታል?