ሕግ ይላመዳል ወይስ ይሻሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ለሰፈራችን ነዋሪዎች ስለ መሬት አጠቃቀም አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሕጉን ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ማላመድ ያስፈልጋል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ጓደኛዬ «ማጣጣም በለው» አለኝ። ሌላው «የአየር ንብረት ሳይሆን የአየር ጠባይ ነው» ይላል። ጽሑፉ ውስጥ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚል አነጋገርም አለ። ለነዋሪው ይገባዋል ይላሉ?

መልስ፦ ቀላሉን እናስቀድም። «የአየር ንብረት» ይበሉ። ጠዋት የዘነበው፣ ከሰዓት የጠቆረው ሰማይ የአየር ሁኔታ ወይም የአየር ጠባይ ነው። የአየር ንብረት ግን የአንድ አካባቢ የረጅም ዘመን ባሕርይ ነው። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚለኩት የ30 ዓመት መረጃ ይዘው ነው።

«ማላመድ» እና «ማጣጣም» በሰዋስው በኩል ችግር የለባቸውም። ችግሩ ማን ምን እንደሚያደርግ አለመናገራቸው ነው። የሚላመድ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ሰው ብርዱን ይለምዳል፤ የዱር እንስሳም ይላመዳል። ሕግ ግን በራሱ ጊዜ ምንም አይለምድም። ሥልጣን ያለው አካል አንቀጹን ካልለወጠው እንደ ወጣ ይኖራል። «ማጣጣም» ደግሞ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ መተው ሲችል ጥሩ ቃል ነው። የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ ፕላኖች ይጣጣሙ ቢባል ከልቤ እደግፋለሁ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ የአስተዳደር ወሰን ሳያውቅ ነው አባ ሳሙኤል ግድብ የሚደርሰው። ከዝናብ ጋር ግን መደራደር የለም።

ስለዚህ «የአየር ንብረት ለውጥን ከግምት አስገብቶ ሕጉን ማሻሻል» ይበሉ። «ማሻሻል» ሲባል አንባቢው ወዲያው ይጠይቃል፦ የትኛው አንቀጽ? በምን ይተካ? ማን ያሻሽለው? እኔም እንዲጠይቅ ነው የምፈልገው። «መላመድ»ን ለነዋሪው፣ «መቋቋም»ን ለቤቱና ለድልድዩ ያቆዩላቸው።

ሕግ ቁርጥ ያለ ቃል ሲጠቀም ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ላሳይዎ። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይከለክል ነበር። መቶ ሜትር ወደፊት ሲሄዱ 60 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ዳገት ማለት ነው። ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው እርከን ከተሠራ ብቻ ነበር። አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። እኔ ያነሣሁት ለአጻጻፉ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ የተፈቀደለትንና የተከለከለውን ያውቅ ነበር። «አግባብ ያለው ጥንቃቄ ይደረጋል» ቢል ኖሮ ማን፣ ምን፣ የት እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለውን ጽሑፍዎ ውስጥ እንዳለ ባይተዉት እመርጣለሁ። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ ነው ብሎ ይረዳል። ባለፈው ዓመት ከመጣማ እንግዲህ እኔም ልጆቼም አናየውም ብሎ መሠረት ይቆፍራል። ቃሉ ግን እንደዚያ ማለት አይደለም። በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። አምና መጣ ማለት ዘንድሮ አይመጣም ማለት አይደለም።

ስሌቱን ልጨምርልዎ። አንድ ቤት እንዲህ ያለ ጎርፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ 30 ዓመት ቢቆም፣ ጎርፉ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የደነገገው ዘመን 99 ዓመት ነው። በ99 ዓመት ውስጥ ዕድሉ 63 በመቶ ይደርሳል። ይህም ዝናቡ እንደ ድሮው ከቀጠለ ነው። የአየር ንብረት ሲለወጥ ግን «ከመቶ አንድ» የተባለው ራሱ ይለወጣል፤ ትናንት ከመቶ አንድ የነበረው ነገ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል። ሕጉ መሻሻል አለበት የሚባለው አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። በድሮ መዝገብ የተሰመረ፣ ጎርፍ እስከየት እንደሚደርስ የሚያሳይ መስመር ለመጪው ዘመን ላይበቃ ይችላል። መስመሩ በየጊዜው እንዲከለስ ሕጉ ራሱ ሊያዝ ይገባል።

ለነዋሪው «በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ» ብለው ይጻፉለት። ይረዝማል፣ ግን ይገባል። ቦታውንም በሚያውቀው ነገር ያሳዩት። አቃቂ ወንዝ ዳር ያደጉ አዛውንትን ውሃው የት እንደሚደርስ ቢጠይቋቸው በመቶኛ አይነግሩዎትም። «እስከዚያ ግራር ድረስ» ብለው በእጃቸው ያሳዩዎታል። ጽሑፍዎ ቁጥሩንም ግራሩንም ቢይዝ ሁለቱም ይደጋገፋሉ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ዝም ብዬ ማለፍ ስለከበደኝ ነው። በከተማው ዳርቻ ስለ መሬት ሲወራ «ባዶ ቦታ» የሚባል ነገር አለ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በክረምት ውሃ የሚተኛበትን መስክ በበጋ ያየው ሰው ባዶ ነው ይላል። ያ መስክ ግን ሥራ ላይ ነው። ውሃውን ይይዛል፣ ያሰርጋል፣ ወደ ታች ቀስ አድርጎ ይለቃል። በቤትና በአስፋልት ሲሸፈን ውሃው በአንዴ ይወርዳል፤ የሚቀበለው ታች ያለ ሰፈር ነው። ለዚህ «ጨፌ»፣ «ረግረግ»፣ «ውሃ የሚተኛበት መስክ» የሚሉ ቃላት አሉን። ፕላን ላይ «ባዶ» ተብሎ የተጻፈ ቦታ ለግንባታ የታጨ ይመስላል። «ጨፌ» ተብሎ የተጻፈውን ለመገንባት ግን ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል።

ለዓረፍተ ነገርዎ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ፦ «የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሕጉ የአየር ንብረት ለውጥን ከግምት አስገብቶ ይሻሻል። ጎርፍ የሚደርስበትን፣ ውሃ የሚተኛበትንና ተዳፋት የሆነውን መሬት ለይቶ፣ በየትኛው ላይ መገንባት እንደማይፈቀድ በግልጽ ይደንግግ።» «ፕላን» የሚለውንም አይቀይሩት። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው፤ ነዋሪውም ክፍለ ከተማ ሄዶ የሚጠይቀው «ፕላኑን አሳዩኝ» ብሎ ነው።