ሁለት ፕሮግራም በአንድ አድራሻ

ጥያቄ፦ በኮሞዶር 64 የቤት ኮምፒውተር ላይ ዶስ 5.1ን (የዲስክ ትእዛዞችን የሚያሳጥር ረዳት ፕሮግራም) ጭኜ ሌላ የማሽን ኮድ (ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚፈጽመው ኮድ) ፕሮግራም ሳስከትል ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ፕሮግራሙ ብቻውን ሲጫን ግን ይሠራል። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዲስኩስ ደህና ነው፤ የተጋጨው ፕሮግራሞቹ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ የሚቀመጡበት አድራሻ ነው። ዶስ 5.1 የሚቀመጠው ከአድራሻ 52224 ጀምሮ ነው። ብዙ የማሽን ኮድ ፕሮግራሞች ደግሞ ከ49152 ስለሚጀምሩ፣ ከ3072 ባይት የረዘመው በዶሱ ላይ ይጽፍበታል። ክፋቱ፣ ቤዚክ (የማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ) ፊደል ባነበበ ቁጥር ወደ ዶሱ የሚያዘልለው መንጠቆ እንዳለ ይቀራል፤ ቤዚክም ዘልሎ የሚያገኘው የሌላ ፕሮግራም ኮድ ነው። ማሽኑ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

«ኒው» የተባለው ትእዛዝ የሚያጠፋው የቤዚኩን ፕሮግራም ብቻ ነው። የ«ረን/ስቶፕ»ን ቁልፍ ከ«ሪስቶር» ቁልፍ ጋር መጫንም መንጠቆውን አይነቅለውም። ሁለተኛውን ፕሮግራም ከዲስክ ከመጫንዎ በፊት «ሲስ 64738» ብለው ማሽኑን እንደ አዲስ ያስነሱት፤ መንጠቆው ያኔ ይነሳል። ሁለቱን አብሮ ማሠራት የግድ ከሆነ ግን ፕሮግራሙን ለሌላ አድራሻ እንደገና አሴምብል ማድረግ (ከምንጩ ወደ ማሽን ኮድ መለወጥ) ያስፈልጋል።