ደሞዙ አዲስ አበባ ይበልጣል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ኢንስፔክተርና የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ዕድሜዬ 38፣ ጥቅል ደሞዜ 14,000 ብር ነው። አዲስ አበባ በአንድ የፖሊስ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ኃላፊነት በ18,000 ብር ተገኝቶልኛል። የምንኖረው ሽምብጥ በኪራይ ነው፤ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ባለቤቴ ከአዴት ወላጆቼ በሚልኩልን ጤፍ እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ሆቴሎች ታስረክባለች። ሁለት ልጆች አሉን። ባልደረቦቼ «4,000 ብር ጭማሪ እንዴት ይታለፋል?» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ኢንስፔክተር፣ ደሞዝ ክፍል ብዙ ዘመን ስለ ሠራሁ ቀድሜ የማየው በፔሮሉ መጨረሻ ያለውን «የተጣራ» የሚለውን ዓምድ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደሞዝ ላይ የሥራ ግብሩ 35 በመቶ ነው፤ የጡረታ መዋጮው ደግሞ 7 በመቶ። ከ4,000 ብሩ 1,400 ለግብር፣ 280 ለጡረታ ሲቀነስ እጅዎ የሚገባው 2,320 ብር ነው።

አሁን ይህን ብር ከቤት ኪራይ ጋር ያስተያዩት። በዚህ ደሞዝ ሁለት ልጅ ይዞ አዲስ አበባ መሐል ከተማ መከራየት የሚታሰብ አይደለም፤ የሚያገኙት ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ ንጋት ላይ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ የሌሊት ፈረቃ ሲያበቃም እንዲሁ። ዛሬ ለብስክሌትዎ የሚያወጡት የጎማ ማስነፊያ ብቻ ነው። መሄድዎ ካልቀረ ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን እንደሚከለክል፣ ውሉም ከ2 ዓመት እንዳያንስ እንደሚያዝ ይወቁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔን በጣም ያሳሰበኝ የባለቤትዎ ምጣድ ነው። ባልደረቦችዎ «ያንተ ደሞዝ ይጨምራል» ሲሉ የእርሷ ገቢ በዚያው ቀን እንደሚቋረጥ አላነሱም። ሁለት ሆቴል በእምነት እንጀራ የሚረከባት ሴት ያንን ደንበኛ በአንድ ጀምበር አላገኘችውም። አዲስ አበባ ስትገባ ጤፉን በገበያ ዋጋ ትገዛለች፣ የኮንዶሚኒየም ጎረቤት ስለ ጭሱ ይነጫነጫል፣ ደንበኛ ፍለጋውም ከዜሮ ይጀመራል። የአንድ ወር ትርፏን አብራችሁ ጻፉት፤ ከ2,320 ብር ከበለጠ ዝውውሩ ቤተሰቡን ያደኸያል።

ለጡረታ የሚታሰበው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደሞዝ ስለሆነ፣ ሊወጡ የተቃረቡ ቢሆኑ ኖሮ ሂዱ እል ነበር። በ38 ዓመት ግን አልልም።

አሳቤን የሚያስለውጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለቤተሰብ የሚሆን መኖሪያ ከሰጠዎ። በቃል «እናያለን» ካሉዎት አይበቃም። በደብዳቤ፣ ማኅተም አርፎበት፣ የሚገቡበትም ቀን ተጽፎ እጅዎ ሳይገባ የባሕር ዳሩን መልቀቂያ አይፈርሙ።