የሃይብሪድ መኪና የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፕ ስለመቀየር፦ መልስ

ወንድሜ፣ የ2019 ቶዮታ ራቭ4 ሃይብሪድህን (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ መኪናህን) የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፓምፕ ራስህ መቀየር ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። እጅህ ሥራውን ከለመደ ትችላለህ። ግን አስቀድመህ በታንከሩ ውስጥ ያለውን ፓምፕ ግፊት አስለካ፤ እሱ ሲደክም ጥፋቱ የላይኛው፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ያለው የከፍተኛ ግፊት ፓምፕ፣ ይመስላል፣ ውድ ዕቃም በከንቱ ይገዛል።

ሃይብሪድ ድምፅ ስለሌለው ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሞተሩ በራሱ ሊነሳ ይችላል። አጥፋው፣ ቁልፉን ከመኪናው አርቅ፣ የ12 ቮልቱን ባትሪ ፍታ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ገመዶች ፈጽሞ አትንካ።

ሞተሩ ሳይቀዘቅዝና ግፊቱ በትክክል ሳይወርድ የነዳጅ ቱቦውን እንዳትከፍት! ነዳጁ ከ100 ባር በላይ ሊታመቅ ስለሚችል ቆዳ ይበሳል። ፓምፑን የሚገፋ ስፕሪንግ ስላለ ብሎኖቹን እያፈራረቅህ በጥቂት በጥቂቱ አላላ፤ ስታጠብቅም እንዲሁ፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ)። ጎማ ማኅተሙንና የብረት ቱቦውን በአዲስ ተካ። ሞተሩን ካስነሳህ በኋላ የነዳጅ ሽታ ወይም እርጥበት ካለ ወዲያውኑ አጥፋ።