በ0.2 ሚሊ ሜትር የተሰረዘ አንደኝነት፦ የፎርሙላ ዋን ቅጣት ጥያቄና መልስ

ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁኝ። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም። አብዛኛው ጥያቄ በ2021 (በነሱ አቆጣጠር) ብራዚል ላይ ስለተደረገው ውድድር ነው። ያኔ ለዋንጫ የሚተናነቁት የመርሴዲሱ ሃሚልተንና የሬድ ቡሉ ቨርስታፐን ነበሩ። ምክንያቱ ይገባኛል። ውድድሩ የተካሄደው በእኛ ኅዳር 5 ቀን 2014 ነው። ያን ሰሞን ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ማን ፎርሙላ ዋን ያያል? ብዙዎቻችሁ ቅጂውን ያያችሁት ገና አሁን ነው። አብሽሩ፣ ከሥሩ እንጀምር።

ሃሚልተን በማጣሪያው አንደኛ ወጥቶ እንዴት ከመጨረሻ ተነሳ?

ዓርብ ዕለት አንደኛ ነበር፣ ልክ ነህ። ከዚያ መኪናው ሲፈተሽ የኋላ ክንፉ ፍተሻውን አላለፈም። ያኔ ዲአርኤስ የሚባል የሚከፈት ክንፍ ነበር፤ ሲከፈት የክንፉ የላይኛው ቁራጭ ይነሳል፣ አየር ያልፋል፣ መኪናው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይፈጥን ነበር። በዚያ ዓመት ሕግ ክፍተቱ ከ85 ሚሊ ሜትር መብለጥ አልነበረበትም። ፈታሾቹ 85 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መለኪያ ይይዙና ክፍተቱ ላይ ለስለስ አድርገው ይገፉት ነበር። መለኪያው ከሾለከ አለቀ። የሃሚልተን ክንፍ ላይ በውስጠኛው በኩል አላልፍ አለ፣ በውጨኛው በኩል ግን ሾለከ። በሁለት መለኪያ አራት ጊዜ ሞከሩት፣ ያው ነው።

ቡድኑ እንዳለው ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ነበር። የዓርቡ ውጤት ተሰረዘና ቅዳሜ ስፕሪንቱን (የእሁዱን መነሻ ቦታ የሚወስነውን አጭር ውድድር) ከ20ኛ ጀመረ። በ24 ዙር 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያንን ክፍል ያላያችሁ ካላችሁ ሌላውን ተዉና እሱን እዩ።

ዳኞቹ ራሳቸው "ሆን ተብሎ አልተደረገም" ብለዋል። ታዲያ ምነው ባይጨክኑ? (ሰኞ ገበያ እህል የሚነግድ ወዳጃችን)

አንተማ ይህን መጠየቅ አልነበረብህም! ሚዛንህ ሩብ ኪሎ ቢያጎድል ገዢው "ሳያውቅ ነው" ብሎ ያልፍሃል? የመኪናው ልክ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የሚጠየቀው ሐሳብህ ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

ፎርሙላ ዋን ላይ ሁለት ዓይነት ሕግ እንዳለ ያዙልኝ። አንዱ በመለኪያ የሚዳኝ ነው፦ ክብደት፣ ስፋት፣ ነዳጅ። ሁለተኛው በሰው ዓይን የሚዳኝ ነው፦ ማን ማንን ገፋ፣ ማን መንገድ ዘጋ። የመጀመሪያው ይጨክናል እንጂ አያዳላም። እኔን የሚያቃጥለኝ ሁለተኛው ነው። እመለስበታለሁ።

ስፕሪንቱን 5ኛ ጨርሶ እሁድ ደግሞ ከ10ኛ ተነሳ። ይሄስ ምንድን ነው?

ሞተር። በዚያ ዓመት ለአንድ አሽከርካሪ የተፈቀደለት ሦስት ሞተር ነው። ሃሚልተን አራተኛውን ቱርክ ላይ አስገብቶ 10 ቦታ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲነሳ ተቀጥቷል። ብራዚል ላይ አምስተኛውን አስገባ፣ ለዚህ 5 ቦታ። ቡድኑ ይህን አስቦበት ነው የገባበት። በደከመ ሞተር ከመንፏቀቅ 5 ቦታ ከፍሎ በአዲስ ሞተር መብረር ይሻላል ብለው ነው። ቅጣት ከምትለው ዋጋ ብትለው ይቀላል።

ቨርስታፐን የሃሚልተንን ክንፍ ሲነካ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ክንፉን ያበላሸው እሱ ነው እንዴ?

አይደለም። ከማጣሪያው በኋላ መኪኖቹ የሚቆሙበት የታጠረ ቦታ አለ። እዚያ የራስህም ይሁን የሌላ ሰው መኪና አይነካም። ቨርስታፐን የራሱን ክንፍ ዳሰስ አደረገ፣ ቀጥሎ የሃሚልተንን። የቀረጸው ደግሞ ከተመልካቾች አንዱ ነው። ዳኞቹ ያደረሰው ጉዳት የለም ብለው 50,000 ዩሮ ቀጡት። ውድ ዳሰሳ ነው።

እኔ ሐረጎን ስወርድ አንዱ እንደ ቨርስታፐን ወደ ውጭ ቢገፋኝ መንጃ ፈቃዱን ይቀማል። እሱ ለምን አልተቀጣም? (ከኮምቦልቻ፣ የአይሱዙ ሹፌር)

ጋሼ፣ እርስዎ የነኩት ዋናውን ነገር ነው። እሁድ በዋናው ውድድር በ48ኛው ዙር 4ኛው ኩርባ ላይ ሃሚልተን በውጭ በኩል ሊያልፍ ገባ። ቨርስታፐን ፍሬኑን ዘግይቶ ያዘና ሁለቱም ከመንገዱ ወጡ። ዳኞቹ "ምርመራ አያስፈልገውም" አሉ። እውነቱን ለመናገር ከቨርስታፐን መኪና ወደ ፊት የሚያሳየውን የካሜራ ምስል ያኔ አላዩትም ነበር። ምስሉ በኋላ ሲወጣ መርሴዲስ ጉዳዩ እንደገና ይታይልን ብሎ ጠየቀ። በሳምንቱ ኳታር ላይ ውድቅ ሆነ።

እኔ እንደማየው 5 ሴኮንድ (በጊዜው ላይ የሚደመር) የሚያስቀጣ ነገር ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ በዚያው ዓመት ኦስትሪያ ላይ ኖሪስ ፔሬዝን ከመንገድ አስወጣህ ተብሎ 5 ሴኮንድ ተቀጥቷል። በዚያው ውድድር ፔሬዝ ራሱ ሌክለርን ሁለት ጊዜ ገፍቶ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ሴኮንድ ቀምሷል። የውድድር ዘመኑ ያው፣ ሕጉ ያው፣ ፍርዱ ሌላ። ሰው ዳኛ ሆኖ ሲያይ እንዲህ ነው። የቨርስታፐን ደጋፊዎች እንደምትሰድቡኝ አውቃለሁ፣ ችግር የለም።

ለማንኛውም ሃሚልተን በ59ኛው ዙር አልፎት ሄደና አሸነፈ።

ያሸነፈ ሰው ድሉን የተነጠቀበት ጊዜ አለ?

አለ። 2024 ቤልጂየም፣ ጆርጅ ራስል። ጎማ አንዴ ብቻ ቀይሮ፣ ያንኑ ጎማ እስከ መጨረሻው አስታሞ አንደኛ ወጣ። መድረክ ላይ ቆመ፣ ዋንጫ ተቀበለ። ከዚያ መኪናው ሚዛን ላይ ወጣ። በዚያ ዓመት ዝቅተኛው ክብደት አሽከርካሪውን ጨምሮ 798 ኪሎ ነበር፣ ነዳጅ ግን አይቆጠርም። መጀመሪያ ሲመዘን 798 ልክ መጣ። ከታንኩ የቀረውን 2.8 ሊትር ነዳጅ ሲያወጡት 796.5 ሆነ። 1.5 ኪሎ ጎደለ፣ ድሉም ሄደ። አንደኝነቱን የወረሰው የቡድን ጓደኛው ሃሚልተን ነው። አያችሁ፣ መለኪያ ለማንም አይልም ያልኩት ይህን ነው።

ነዳጅ ጨርሶ የተሰረዘም አለ አሉኝ፣ እውነት ነው?

ቬትል፣ 2021 ሃንጋሪ። 2ኛ ወጥቶ ነበር። ከውድድር በኋላ ለምርመራ 1 ሊትር ነዳጅ መቀዳት አለበት። ከእሱ መኪና ማውጣት የተቻለው 0.3 ሊትር ብቻ ነው። ተሰረዘ።

ደጋግሞ የሚያጠፋ ሰውስ? ሁሌ አምስት ሴኮንድ እየከፈለ ይቀጥላል?

አይቀጥልም። ከሴኮንዱ ሌላ የጥፋት ነጥብ ይመዘገብበታል። በ12 ወር ውስጥ 12 ከደረሰ አንድ ውድድር ይታገዳል። ይህ አሠራር የመጣው በ2014 ነው (በነሱ አቆጣጠር)። ነገር ግን የመጀመሪያው ታጋጅ እስኪገኝ አሥር ዓመት ፈጀ። ማግኑሰን የተባለው አሽከርካሪ በ2024 የባኩ (አዘርባጃን) ውድድር ቀረበት። የተካው ልጅ ቢርማን ነው፣ 10ኛ ወጥቶ ነጥብ ይዞ ተመለሰ።

ስክሪኑ ላይ "ኖትድ" ሲል ተቀጣ ማለት ነው? (ሆጤ፣ ተማሪ)

ገና ነው እህቴ። "አይተነዋል፣ መዝግበነዋል" ማለት ብቻ ነው። ቀጥሎ "ምርመራ ላይ ነው" ሊል ይችላል፣ ወይም "እርምጃ አያስፈልግም" ብሎ ይዘጋዋል። የብራዚሉ 48ኛ ዙር ከምዝገባው አላለፈም።

ሃሚልተን ካሸነፈ በኋላም ተቀጣ የሚባለው ቀልድ ነው?

እውነት ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባለው ዙር የብራዚልን ባንዲራ ለመያዝ ብሎ ቀበቶውን ፈታ። 25,000 ዩሮ ተቀጣ። 20,000ው በገደብ ሆኖ 5,000ውን ከፈለ። እኔ ይህን አልቃወምም፣ ቀበቶ ቀበቶ ነው።

ይሄ ሁሉ የቅጣት ብር ለማን ነው የሚገባው?

ለዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ለኤፍአይኤ። ለተገፋው አሽከርካሪ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም።