ደሴ ሁለት ቀን ለምታድሪው

እህቴ፣ «ደሴ ሁለት ቀን አድራለሁ፤ ምን ልይ? ደርሶ መልስስ የት ልሂድ?» ላልሽው፣ ከአይጠየፍ ጀምሪ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ስለተዘረፈ፣ ክፍት መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂ።

በማግስቱ በጠዋት ወደ ሐይቅ ውጪ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው። ግን ሴት አያስገባም፣ ከወዲሁ ልንገርሽ። ሐይቁ ዳር ተቀምጠሽ ዓሣ ብትበዪ ማንም አይከለክልሽም!

ቀኑ ሰኞ ከሆነ ግን፣ እኔ ብሆን ሐይቅን ትቼ በኮምቦልቻ በኩል ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ነው። የግመል ተራው ብቻውን ያስመሽሻል። ለደሴ ብርድ ጋቢ ያዢ፤ ባቲ ስትወርጂ ሙቀቱ ያስጥልሻል።